ከጨንቻ በላይ፣ ከጥዶቹ ሥር

የጨንቻን መንገድ የማውቀው በጠረኑ ነው። እኔ የቆላ ልጅ ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው። ያኔ ከተማችን ጸጥ ያለች ነበረች፤ ክረምት ላይ ኩልፎ ወንዝ ሲሞላ ድምፁ ማታ ማታ ቤታችን ድረስ ይሰማ ነበር። አፍንጫዬ የለመደው የበሰለ ሙዝና ማንጎ፣ ከጫሞ ሐይቅ የመጣ ዓሣ፣ ዝናብ የመታው ቀይ አፈር፣ ወንዙ ከላይ ይዞት የሚወርደው ደለል ነው። መኪናው ወደ ጨንቻ ሲታጠፍ ግን ሁሉም ይለወጣል። 1,300 ሜትር ግድም ላይ ካለችው ከተማችን ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ሽቅብ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ጆሮ ድፍን ይላል፤ መስኮት ይዘጋል፤ እናቶች ነጠላቸውን ይከናነባሉ። ከዚያ ያ ሽታ ይመጣል። የቀርከሃ ጢስ፣ ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላ የእንሰት ኮምጣጣ ጠረን፣ ዝናብ ያራሰው የበግ ፀጉር፣ ጥድ። ኩልፎ የሚነሳው ከነዚህ ተራሮች ነው። ልጅ ሆኜ ወንዙ ዳር ቆሜ ውሃውን ሳየው፣ ይኼ ውሃ አያቴ ደጅ አድሮ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ ከጨንቻ ከተማ ከፍ ብሎ ባለ መንደር ይኖሩ ነበር። ሸማኔ ናቸው። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሄደው፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ድርና ማግ ሲያዋህዱ ዕድሜያቸውን ከፈጁ በኋላ፣ ዓይናቸው ሲደክም መወርወሪያቸውን ይዘው አገራቸው ገቡ። ቤታቸው ከቀርከሃ የተጠላለፈ፣ በእንሰት ቅርፊት የተከደነ፣ ፊቱ የዝሆን ግንባር የሚመስለው ያ የዶርዜ ቤት ነው። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ ለጉድ ነው ይባላል። እግሩን ምስጥ ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፤ ደግሞ ይበላል፣ ደግሞ ይቆረጣል። እኔ ስደርስበት ጎልማሳ ሰው በሩ ላይ አጎንብሶ የሚገባበት ሆኖ ነበር። አያቴ ግን ቤቱ ሲያጥር አላዘኑም። «እኔም እኮ ድሮ ረዥም ነበርኩ» ይሉኝ ነበር።

የምነግርህ ነገር፣ ወዳጄ፣ የተነሳው ከአንድ የትምህርት ቤት ሥዕል ነው። መጽሐፋችን ላይ የይሓ ቤተ መቅደስ ነበረ። ያለ ምንም ማያያዣ ጭቃ የተገጣጠሙ ትልልቅ ድንጋዮች፣ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ፣ ከ2,500 ዓመት በላይ የቆመ። ከእሱ ቀጥሎ የአክሱም ሐውልት፣ ከዚያ ላሊበላ። መምህራችን ስለ እያንዳንዱ ሲያስረዱ ድምፃቸው ይሞቅ ነበር፤ እኔም ልቤ አብሮ ይሞቃል። ገጹን ደጋግሜ ብገልጠውም ግን የኛ አገር የለበትም። ከጨንቻም ከአርባ ምንጭም፣ ከኦቾሎም ከቦንኬም የተወሰደ አንዲት ድንጋይ እንኳ የለችም። ልጅ ነገር ሲገባው ዝም ብሎ አይተወውም። የ1985 ዓ.ም. ማስቃላን፣ የኛን መስቀል፣ ልናከብር አያቴ ዘንድ ስንወጣ ጥያቄውን ይዤው ወጣሁ።

ማስቃላ ጋሞ ውስጥ ምን እንደሆነ ያላየው ሰው አይገባውም። ዓመቱ የሚታደሰው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሸማኔ ሁሉ ሱቁንም የሽመና ጉድጓዱንም ዘግቶ ይገባል፤ መንገዱ በሰው ይሞላል፤ በየመንደሩ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይጥላል፤ ቆጮው በቅቤ፣ ሥጋው በዳጣ ይቀርባል። አጎቶቼ ያመጡት አዲስ የዱንጉዛ ልብስ፣ ቀዩና ቢጫው ከጥቁሩ ጋር ሲታይ፣ በዚያ ጭጋግ መሀል ዓይን ይወጋል። እንግዲህ በዚያ ሁሉ ግርግር መሀል ነው አያቴን አጠገባቸው ተቀምጬ የጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ የኛ አገር የጥንት ቤተ መቅደስ የለውም?»

አያቴ ቶሎ አልመለሱም። እሳቱን ቆሰቆሱት። ከውጭ ፍየሎቹ ሲረበሹ ተሰማ፤ አጎቴ ወጥቶ መዝጊያውን አጠበቀው። ነብር ሳይሆን አይቀርም አሉ። አያቴም ነገሩን ወደዚያ ወሰዱት። ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ብለው ነገሩኝ። «ታዲያ ረቡዕና ዓርብ ፍየሎቹን ለምን ታስገባላችሁ?» ብላቸው፣ «ነብር ነዋ!» አሉኝ፤ ሁለቱ ነገር አንዱ ሌላውን የማይነካ ይመስል። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ዳን ስፐርበር የሚባል ፈረንሳዊ ምሁር ዶርዜ ተቀምጦ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ይኼንኑ የነብር ጾም እንደመዘገበው ሳውቅ፣ የአያቴ ምድጃ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ። በዚያች ሌሊት ጥያቄዬን የረሱት መስሎኝ ተኛሁ። ማለዳ ግን ትከሻዬን ነክተው ቀሰቀሱኝ። «ተነስ፣ አሳይሃለሁ» አሉ።

ጤዛው እግር ያቃጥል ነበር። እንሰቶቹ መሀል ባለችው ጠባብ መንገድ ወጥተን፣ የቀርከሃውን ጫካ አልፈን፣ አንድ ገላጣ ሜዳ ላይ ደረስን። ዙሪያውን ያረጁ ጥዶችና ዝግባዎች ቆመዋል፤ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው ግንዶች፣ ከቅርንጫፋቸው ግራጫ ሽበት የተንጠለጠለ። ከሥራቸው ሣሩ መሀል ድንጋዮች አሉ። የተጠረቡ አይደሉም። የተቀመጡት በግማሽ ክብ ነው፤ አንዳንዱ ተጋድሟል፣ አንዳንዱ ቆሟል። እጄን አንዱ ላይ አሳረፍኩ። ጎኑ ሻካራ ነው፣ በሽበት ተሸፍኗል። መሀሉ ግን ልስልስ፣ ጎድጎድ ያለ፣ ቀዝቃዛ። የሰው መቀመጫ ያለሰለሰው ነው። አያቴ አባታቸው የተቀመጡበትን፣ የአባታቸው አባት የተቀመጡበትን በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያ በላይ ያሉትን ስም ቆጠሩልኝ፤ ስሞቹ ሲያልቁ ድንጋዮቹ አላለቁም።

ዱቡሻ ይኼ ነው። የጋሞ አገር፣ በየደሬው ማለትም በየአካባቢው፣ የየራሱ ዱቡሻ አለው። ዳኝነቱም፣ ሸንጎውም፣ ምርቃቱም እዚያው ነው። ከሜዳው ጀርባ ያለው ጫካ ደግሞ የሚፈራ ነው። መጥረቢያ አይገባበትም፤ የወደቀ ቅርንጫፍ እንኳ ለማገዶ አይለቀምም። አያቴ ጫማዬን አስወለቁኝና ቅጠል እንዳልቀጥፍ አስጠነቀቁኝ። ከቀጠፍኩ ምን ይሆናል ስላቸው «ጎሜ ነው» አሉ። ጎሜ የሚሉት ያን ሥርዓት ማፍረስን ነው። የጎረቤትን ድንበር የገፋ፣ በሐሰት የማለ፣ ወንድሙን የበደለ ሰው ጎሜው ወደ ቤቱ፣ ወደ ከብቱ፣ አንዳንዴም ወደ አገር ሁሉ ይወርዳል፤ ዝናብ ይከለክላል፣ ልጅ ያሳምማል። ሰውየው በአደባባይ እስኪናገርና እስኪታረቅ ድረስ አይለቅም።

ቀስ በቀስ ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ እያንዳንዱ ቦታውን ያውቀዋል። ለካ አያቴ ያመጡኝ ቀኑን መርጠው ኖሯል፤ ሁለት ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም ነበር። ነገሩ የተጀመረው በምርቃት ነው። አንድ አዛውንት ተነስተው እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ፤ ጉባኤው በአንድ ድምፅ ይሁን ይላል። ድምፁ ከጥዶቹ ጋር ተጋጭቶ ሲመለስ ደረቴ ውስጥ ተሰማኝ። ከዚያ ተናጋሪው መሀል ይገባል፣ ወዲያ ወዲህ እየተራመደ ይናገራል፤ ሲጨርስ ይቀመጣል፤ ሌላው ይነሳል። የሚያቋርጥ የለም፤ እጅ አውጡ፣ ድምፅ ስጡ የሚል የለም። ሁሉም በአንድ ነገር እስኪስማማ ድረስ ይቀጥላል። ፀሐይ ወጣች፣ ጭጋጉ ተመልሶ ሸፈናት፣ ደግሞ ወጣች። እኔ ራበኝ፤ አያቴ ግን አልተነቃነቁም። መጨረሻ ላይ ታላቁ ወንድም ድንበሩን የገፋው እሱ መሆኑን ተናገረ። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ታናሹ አለቀሰ። ሣሩን በሁለቱ መሀል አስቀመጡት፤ ተቃቀፉ።

«ያ መጽሐፍህ ላይ ያለው ቤት፣ ዛሬ ሰው ይታረቅበታል?» አሉኝ አያቴ ስንመለስ። አላውቅም አልኳቸው። ዝም ብለው ተራመዱ።

ስለዚያ ቀን ሳስብ ሁለት ነገር አንድ ላይ ነው የሚመጣብኝ። አንደኛው ኩራት ነው። ሁለተኛው ሴት አያቴ፣ እማማ ናቸው። ማታ ምድጃው ጋ ጠርተውኝ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ቀድሞ እንደተነሳ፣ ታናሹ ያለቀሰው ከየትኛው ቃል በኋላ እንደሆነ አንድ በአንድ አስወሩኝ። የዚያን መሬት ድንበር ከማንም በላይ ያውቁት የነበረው እሳቸው ናቸው፤ የትኛው ቁልቋል መቼ እንደተተከለ፣ የትኛው ድንጋይ በየትኛው ክረምት እንደተገፋ ነገሩኝ። ያንን ዱቡሻው ላይ ግን አልተናገሩም። ሴት እዚያ ገብታ አትናገርም ነበራ። ሸክላ የሚሠሩትና ቆዳ የሚፍቁትም እንዲሁ፤ ሰው ሁሉ በሸክላቸው እየበላ እነሱ ከዳር ነበሩ። አባቶቼን እወዳቸዋለሁ፤ ይኼ ግን ያን ጊዜም ከልቤ አልገባም፣ ዛሬም አልገባም።

የዚያን ጊዜው ስብሰባ ለአያቴ ምን ማለት እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ደርግ ከወደቀ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። በዚያ ሁሉ ዘመን ሥርዓቱ እንደ ጎጂ ልማድ ተቆጥሮ ዱቡሻው ተዘግቶ ነበር፤ ሰው የሚሰበሰበው ቀበሌ ሲጠራው ብቻ ነበር። አያቴ በጎልማሳነታቸው ሃላቃ የሚባለውን ሹመት ይዘው አገር ያገለገሉ ሰው ናቸው። ሃላቃ ሲሾም ራሱን ቅቤ ተቀብቶ፣ የሰጎን ላባ ሰክቶ በገበያ መሀል ያልፋል። ያቺን ላባ አያቴ በጨርቅ ጠቅልለው በቤታቸው የቀርከሃ ግድግዳ መሀል፣ በሁለቱ ጥልፍ መካከል ደብቀዋት ኖሩ። ምስጡ የቤቱን እግር ሲበላ፣ ቤቱ ዝቅ ሲል፣ ላባዋም አብራ ዝቅ ትል ነበር። እንድነካት ሰጡኝ፤ ጢስ ጢስ ትሸት ነበር፤ ነጭነቷ ጠፍቶ ወደ ቡና ቀለም ሄዳለች።

ከዚያ በፊትም እኮ በዱቡሻው ብዙ አልፎበታል። የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መጣ፤ ገባርነቱ መጣ። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ሆና ቆይታ፣ መንግሥት ወደ ቆላ ወርዶ አርባ ምንጭን ሲመሠርት መሥሪያ ቤቱም ነጋዴውም ጥሏት ወረደ። አባቴም ከወረዱት አንዱ ነው። ዱቡሻው ግን እዚያው ቀረ።

አያቴ ካረፉ በኋላ ነው ስለ ሞታ ዋሻ የሰማሁት። በእነዚሁ በጋሞ ደጋዎች፣ ተመራማሪዎች ከአገሬው ሽማግሌዎች ጋር እየዞሩ በጦርነት ጊዜ ሰው የሚደበቅባቸውን ዋሻዎች ሲጠይቁ፣ ከነዚያ በአንዱ ውስጥ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የአንድ ሰው መቃብር ተገኘ። ሰውየው የተቀበረው ከ4,500 ዓመት በፊት ነው። በዚያው አቆጣጠር በ2015 ሳይንስ የተባለው መጽሔት ላይ ሙሉ የዘር መረጃው ታተመ፤ ከአፍሪካ ጥንታዊ አፅም በዚያ ደረጃ የተነበበ የመጀመሪያው ነበር። ባይራ ብለው ጠሩት፣ የበኩር ልጅ። ያን ያነበብኩ ቀን አባባን ባገኛቸው ብዬ ተመኘሁ። የይሓ ግድግዳ ከመቆሙ ወደ 2,000 ዓመት ገደማ ቀድሞ፣ በኛ ተራራ ላይ ሰው ወገኑን በክብር ቀብሮ፣ መቃብሩን ድንጋይ ከምሮበት ነበር። መጽሐፋችን ላይ ሥዕል ባይኖርም።

አሁን ደግሞ የመስከረም 2011 ዓ.ም. ነገር። ይኼን ሳልነግርህ ባልፍ ቅር ይለኛል። በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግድያ ከሞቱትና ከቤታቸው ከተፈናቀሉት ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ፤ ኑሯቸውን በሸማ ሥራ የሚገፉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ከተማው ነደደ። ወጣቱ አደባባይ ወጣ። የለቅሶው ድምፅ ወደ ቁጣ፣ ቁጣው ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ በጆሮዬ ሰማሁት፤ ድምፁ ራሱ ይቀየራል፣ ይወፍራል። ምንም ወዳላደረጉ፣ አብረውን ወደኖሩ ጎረቤቶቻችን ንብረት መገስገስ ጀመሩ። ከሕዝቡ መሀል ነበርኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ ዱላ ይዟል፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊቱን አውቀዋለሁ፣ የሰፈሬ ልጅ ነው።

እንግዲህ ከፊት ለፊት ሽማግሌዎቹ መጡ። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። እርጥብ ሣር ይዘዋል። አልጮኹም፤ መንገዱን በአካላቸው ዘግተው ተንበረከኩ። እነዚያ ልጆቻቸው ይነሱላቸው የነበሩ አዛውንቶች፣ በልጆቻቸው እግር ፊት፣ አስፋልቱ ላይ ሣሩን ዘርግተው ተንበረከኩ። ሣሩን አልፎ መርገጥ ምን እንደሆነ ማንም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። የሩቁ ይጮኻል፣ የቅርቡ ዝም አለ፤ ዝምታው ወደ ኋላ እየሄደ እየሄደ ጩኸቱን በላው። አጠገቤ ያለው ልጅ ዱላውን አላስታወሰውም፤ ከእጁ ወደቀ። ሁሉም ተመለሰ። የዚያን ቀን ምስል በኋላ አገር ሁሉ አየው፣ ተናገረለት፣ ብዙ ሰው አለቀሰበት። እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሣሩ ነው። የ1985ቱን ማለዳ፣ በሁለት ወንድማማቾች መካከል የተቀመጠችውን ያቺን እፍኝ ሣር አውቃታለሁ። ከጥዶቹ ሥር የተማሩትን ነው አስፋልት ላይ ይዘውት የወረዱት።

ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ተሻሽሏል፤ ሽታው አልተለወጠም። ዱቡሻው ጋ ስንደርስ ግን አንጀቴ ተላወሰ። ጫካው ሳስቷል። ባህር ዛፍ በሦስት ጎን ገብቶበታል፤ ከዝግባዎቹ የቀሩት ጥቂት ናቸው። ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ የሉም፤ ለቤት መሠረት ተወስደዋል ይላሉ። የአጎቴ ልጅ ሰባኪ ሆኗል። እዚያ መቀመጥ ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ ስለሚያምን ሜዳው ላይ አይረግጥም። ነገር ግን ጎረቤቱ ከጫካው አንድ ጥድ ሊቆርጥ ሲመጣ፣ የከለከለው እሱ መሆኑን ሰው ነገረኝ። ስጠይቀው መሬት መሬት እያየ «ዛፉ ምን አደረገ?» አለኝ። በዚህች መልስ ወደድኩት።

አንድ ሽማግሌ አገኘን፤ የአያቴ ዘመን ሰው ልጅ ናቸው። ልጄ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ሳታፍር ጠየቀቻቸው፤ «አባባ፣ ሴት እዚህ ትቀመጣለች?» ሽማግሌው አስበው «አሁን ትመጣለች፤ ትናገራለችም፤ ገና ጥቂት ናቸው እንጂ» አሏት። ያን ጊዜ ስለ እማማና ስለ ቁልቋሎቹ አጫወትኳት። የትኛው ድንጋይ በየትኛው ክረምት እንደተገፋ የሚያውቁ ሴት ነበሩ አልኳት። «ለምን ማንም አልጠየቃቸውም?» አለች። ለዚህ መልስ የለኝም።

ስንለያይ ሽማግሌውን ምን እንላክልዎ አልናቸው። ገንዘብ ይላሉ ብዬ ነበር። የዝግባ ችግኝ ነው የጠየቁን። ባህር ዛፍ ማንም ይሰጠናል፣ ውሃውን ይጠጣብናል፤ ዝግባ፣ ጥድ፣ ኮሶ ከየትም ፈልጋችሁ አምጡልን አሉ። አርባ ምንጭ ያለ አንድ ችግኝ አፍይ አነጋግሬያለሁ፤ ዝግባው ከዘር ቶሎ አይበቅልም፣ ትዕግሥት ይፈልጋል ብሎኛል። ለክረምቱ ይደርስልናል። አንተም ዶርዜ ከወጣህ፣ ሸማውን ገዝተህ ቆጮውን ቀምሰህ ብቻ አትመለስ፤ ዱቡሻው የት ነው ብለህ ጠይቅ፣ የሚያስገባህን ሰው አስፈቅድ፣ ከቻልክም ችግኝ ይዘህ ውጣ። ቁፋሮውን እነሱ ያሳዩሃል።